አባዬ ለቅሶ ሊደርሰኝ መጣ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? የደብረ ብርሃን ሐምሌ እዚህም ሆኜ አጥንቴ ውስጥ ይሰማኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የምጽፍልሽ በስልክ ልነግርሽ ያልቻልኩት ነገር ስላለ ነው። ገና ስጀምረው ድምፄ ይቆረጣል።

ነፍሱን ይማረውና አባዬን በሕልሜ አየሁት። አስቀድመሽ «ደግ ያድርገው» በይልኝ።

አርብ ለቅዳሜ ሌሊት ነው፣ ለሐምሌ ሚካኤል አጥቢያ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት አባዬ ቆሟል። ያ ነጭ ጋቢው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፣ ከጫፉ ጠብ ጠብ ይላል። ቦት ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው። ጋቢውን ደግሞ አዘቅዝቆ ነው የለበሰው፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ሶፋው ላይ ተቀመጥ ብለው እምቢ አለኝ። በሩ ሥር ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አለኝ። ሌላ ቃል የለም። ቡና ላፈላለት ስነሳ ነቃሁ።

ወዲያው በስልኬ ብርሃን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሰዓቱንም ጻፍኩ፦ ሌሊት 9 ከ20። ሕልም ቶሎ ካልያዙት ብን ብሎ ይጠፋል። አብራኝ የምትሠራ ነርስ እንደነገረችኝ፣ ጥርት ያለ ሕልም በብዛት የሚታየው ዓይናችን ከቆቡ ሥር በሚርገበገብበት እንቅልፍ ነው። ያ እንቅልፍ ደግሞ ወደ ንጋት ሲቃረብ ይረዝማል። እኔ ደብተር የያዝኩት ግን ለሌላ ነው። ወሬ ከሰማሁ በኋላ ሕልሜን እንዳላስተካክለው ብዬ ነው። ሰው ሳይታወቀው ይቀጥልበታል፣ ይቀንስለታል።

ጠዋት ሚጢ ደወለች። «እማ የአባዬን ጋቢ ከሳጥኑ አወጣችው፣ ጣሪያው አፍስሶበት ርሷል፣ ምድጃው ዳር ሰቅለነዋል» አለችኝ። መቼ ስላት «ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን» አለች። አሁን በመካከላችን ያለው የሰዓት ልዩነት 7 ሰዓት ነው። ቆጠርኩት። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ግን እማ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ሚጢ ሐሙስ የላከችልኝን የድምፅ መልእክት መልሼ ሰማሁት። መጨረሻው ላይ «ጣሪያው በሳጥኑ በኩል ማፍሰስ ጀምሯል» ትላለች። ሥራ ላይ ሆኜ በግማሽ ጆሮ ነበር የሰማኋት። ውሃው ከዚያ መጥቶ ይሆናል። ሰዓቱም ቢሆን፣ ደብተሬ ላይ አባዬ 6 ጊዜ ተጽፏል። በአምስቱ ቀን እናንተ ጋ ምንም የሆነ ነገር የለም። የገጠመው ይሄ አንዱ ነው።

እኔን የያዘኝ የጋቢው አለባበስ ነው። አንቺ «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ትያለሽ። የሞተ ሰው ሲታይም «ዘክሩኝ ማለቱ ነው» ትያለሽ። እኔ እንዲህ ፈታሁት። አባዬ ሲያርፍ ወረቀቴ ስላላለቀ መምጣት አልቻልኩም። መርዶውን ሰዎች በማለዳ መጥተው ነገሩኝ። በ3ኛው ቀን ሥራ ገባሁ። አፈር አላለበስኩትም፣ ካንቺ ጋር ፍራሽ ላይ አልተቀመጥኩም። የማለቅሰው መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ ነበር። አባዬን ከሚያውቅ ሰው ጋር አንድም ቀን አላለቀስኩም። ስለዚህ እሱ ራሱ መጣልኝ።

ቅዳሜን ሙሉ ሳለቅስ ዋልኩ። 3 ዓመት አልወጣ ያለኝ ያን ቀን ወጣልኝ።

የቆርቆሮውን ብር ሰኞ እልካለሁ። ሳጥኑን ከዚያ ግድግዳ አርቁት። ዝክሩን አዘጋጂለት፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ። ጋቢውን ለነዳያን ልስጠው ብለሽ እንደሆነ ግን፣ እባክሽ ለእኔ አቆይልኝ። ስመጣ አዘቅዝቄ ለብሼው አንድ ቀን ካንቺ ጋር እቀመጣለሁ።

አንቺስ እንዴት ትፈቺዋለሽ? በድምፅ ላኪልኝ።

ናፋቂ ልጅሽ