ከዚያ ንግግር በፊት የነበሩት አሥር ዓመታት

ውዷ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ አባትሽም ሰላም ብሎሻል። ለነርስነት ትምህርትሽ ስለ ጥቁር አሜሪካዊቷ ነርስ ስለ ሜብል ስታውፐርስ የጻፍሽውን አነበብኩት። አጻጻፍሽ ያምራል። ነገር ግን «የፕሬዚዳንቱን ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልትን አነጋግራ በሠራዊቱ ነርሶች ላይ የነበረውን የዘር ክልከላ አስነሳች» ብለሽ በአንድ መስመር ስላለፍሽው ቅር አለኝ። የሴትየዋ ድካም ያለው ከዚያ ንግግር በፊት ነው። ሳታስረክቢው ይህን አንብቢልኝ። ዓመቶቹም ቀኖቹም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

የልጅነቷን ታሪክ አታርዝሚው። በ1890 ባርቤዶስ ተወለደች፤ በ1903 ኒውዮርክ፣ ሃርለም ገባች፤ በ1917 እዚያው አንቺ ያለሽበት ዋሽንግተን ከፍሪድመንስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተመረቀች። ፍሪድመንስ ማለት የዛሬው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው፤ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ካሉበት ከዩ ስትሪት በእግርሽ ትደርሻለሽ። አንድ ቀን ሄደሽ እይው። ከዚያ በኋላ እስከ 1934 ድረስ ሥራዋ በአብዛኛው ሃርለም ውስጥ የሳንባ ነቀርሳን መከላከል ነበር።

በ1934 የጥቁር ምሩቃን ነርሶች ብሔራዊ ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆነች። ለዚህ ሥራ ደመወዝ የተከፈላት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ማኅበሩ በእርዳታ ገንዘብ ቢሮ ሲከራይ ሌሎቹ ትልልቅ የነርሶች ድርጅቶች ባሉበት በሮክፌለር ሴንተር ሆነ። የቦታው ምርጫ ቀላል ነገር አይምሰልሽ፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ በየዕለቱ የምትገናኚውን ሰው ደብዳቤ ሳይመልሱ ማቆየት ይከብዳል።

እንቅፋቱ የት ላይ እንደነበር በትክክል ጻፊው። የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር አባል ለመሆን መጀመሪያ የክፍለ ግዛትሽ ማኅበር አባል መሆን ነበረብሽ። የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ማኅበራት ደግሞ ጥቁር አይቀበሉም። ስለዚህ ብሔራዊው ማኅበር ራሱ «አልቀበልሽም» ማለት አላስፈለገውም፤ በሩ ታች ተዘግቶ ይጠብቅሻል።

የሠራዊቱ ነገር ከዚህም የባሰ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተጠሩት ጥቁር ነርሶች 18 ብቻ ናቸው፤ እነሱም የተጠሩት ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ የኅዳር በሽታ የምንለው ያ ኢንፍሉዌንዛ ካምፖቹን ሲያጣብብ ነው። በ1941 ሠራዊቱ ለጥቁር ነርሶች የፈቀደው ቦታ 56 ነበር። ቁጥሩ ከየት መጣ? ጥቁር ነርስ የምታክመው በተለየ ዋርድ (የሕሙማን ክፍል) የተኙ ጥቁር ወታደሮችን ብቻ ስለነበር፣ የሚቆጠረው የነርሶቹ ብዛት ሳይሆን የዋርዶቹ ብዛት ነው። ዋርድ ካልተለየላት ምንም ያህል ብትማር ቦታ የላትም። ጽሑፍሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ ይህን አብራሪው፤ ይህ ካልገባ ሌላው አይገባም።

ስታውፐርስ እዚህ ላይ ከባድ ምርጫ ገጠማት። ኮታውን እምቢ ብትል ሠራዊቱ አንዲትም ነርስ ላይወስድ ነው፤ ዝም ብላ ብትቀበል መለያየቱን እንዳጸደቀች ይቆጠራል። 56ቱ እንዲገቡ አደረገች፤ ተቃውሞዋን ግን አላቆመችም። ነርሶቿም በቀይ መስቀል እንዲመዘገቡ ትወተውት ነበር፤ የሠራዊቱ መግቢያ በዚያ ስለነበር። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ ፈቃደኛና ብቁ ነርሶች በመዝገብ ከተያዙ «የሚመጣ የለም» የሚል ሰበብ አይቆምም። በ1943 የቦልተን ሕግ መንግሥት ለነርሶች ትምህርት ገንዘብ እንዲሰጥ ሲያዝ፣ በዘር መለየትን የሚከለክል አንቀጽም ነበረው።

ኅዳር 3 ቀን 1944 ወይዘሮ ሩዝቬልትን ስታገኝ እንግዲህ ባዶ እጇን አልሄደችም። ኮታው ነበር፤ ሠራዊቱ ጥቁር ነርሶችን የጀርመን ምርኮኞችን እንዲያስታምሙ መመደቡም ነበር። አገሬን ላገልግል ብላ የመጣች ነርስ የራሷን አገር ነጭ ቁስለኞች እንዳትነካ ተከልክላ የጠላትን ወታደር ስታስታምም ምን እንደሚሰማት አስቢው።

ከዚያ በጥር 1945 መጀመሪያ ላይ የሠራዊቱ ዋና ሐኪም ጄኔራል ኖርማን ከርክ ኒውዮርክ ላይ በተደረገ ስብሰባ፣ ነርስ ስለጠፋ የግዳጅ ምልመላ ሊያስፈልግ እንደሚችል ተናገሩ። ስታውፐርስ ከተሰብሳቢው መሐል ተነሥታ፣ ነርስ ይህን ያህል ካጠረ ሠራዊቱ ጥቁር ነርሶችን ለምን አይወስድም ብላ ጠየቀቻቸው። ጥር 6 ፕሬዚዳንቱም የግዳጅ ሕጉን ከምክር ቤቱ ጠየቁ። ቴሌግራሙ በያቅጣጫው ወደ ዋሽንግተን ጎረፈ። ሕዝቡ ክርክሩን ያወቀው አሥር ዓመት ሙሉ ስትነግረው ስለኖረች ነው። ጥር 20 ሠራዊቱ ነርሶችን ያለ ዘር ልዩነት እንደሚቀበል አስታወቀ፤ መጋቢት 8 ደግሞ ፊሊስ ዴይሊ የባሕር ኃይሉ የመጀመሪያዋ ጥቁር ነርስ ሆነች።

በ1948 የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር፣ ክፍለ ግዛታቸው የከለከላቸውን ጥቁር ነርሶች በቀጥታ መቀበል ጀመረ። ታዲያ ስታውፐርስ ምን ያደረገች ይመስልሻል? የራሷን ማኅበር ዘጋችው። የመጨረሻዋ ፕሬዚዳንት ሆና በ1951 አፈረሰችው፤ የተቋቋመበት ሥራ አልቋል ብላ። ያረፈችው በ1989 በ99 ዓመቷ ነው።

እንደገና ስትጽፊው ከ56ቱ ጀምሪ። ካስተካከልሽው በኋላ ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።

እናትሽ