በሰፈራችን ማን እንደሚኖር ይቆጠርልን

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

ክቡር ከንቲባ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎት ከዓባይ ማዶ፣ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ሰፈር ነው። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ መዝገቡ የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው። የአባሉ ስም፣ የቤተሰቡ ብዛትና ሥራው ይጻፍበታል።

የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሲገልጡ በሥራው ረድፍ ከላይ እስከ ታች ያለው አንድ ቃል ነው፦ ገበሬ። በቆሎና ዳጉሳ የሚዘሩ ሰዎች ነበሩ። መሃል ላይ መምህር፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ ይጀምራል። በማኅበር ተደራጅተው ቦታ ያገኙ ናቸው። ከዚያ ነጋዴና ኮንትራክተር ይከተላል። ግንቦት 2016 ያ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህማ ቦታ የሚጠይቀው ሰው በርክቷል። ደላላው እሁድ እንኳ አያርፍም።

እንቅልፍ የሚነሱኝ ግን እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ናቸው። "ገበሬ" የሚለውን በእጄ ሰርዤ "ጥበቃ" ብዬ የጻፍኩባቸው ስሞች አሉ። "ቀን ሥራ" ያልኩባቸውም አሉ። አንድ አባት ሌሊቱን የሚጠብቁት ፎቅ የቆመው ድሮ እሳቸው በቆሎ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው። ጠዋት ዱላቸውን ይዘው ከዚያ በር ሲወጡ ሰላም እላቸዋለሁ። ሌላ የምላቸው አጣለሁ።

ካሳ አልተከፈላቸውም አልልም። ቀደም ብለው የተነሱት በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ነበር፤ ስሌቱም የአማካይ ዓመታዊ ገቢያቸው 10 እጥፍ ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ 15 እጥፍ አሳደገው። ጥሩ ነው። ሆኖም ሁለቱም የሚያሰሉት መሬቱ ያበቅል የነበረውን ነው። ያው መሬት የከተማ ቦታ ሲሆን ዋጋው ሌላ ነው። ገንዘቡ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ልጅ ዳረ፣ አለቀ። የ2011ዱ አዋጅ ከርዕሱ ጀምሮ ተነሺዎች መልሰው ስለሚቋቋሙበት ሁኔታ ይናገራል። እኛ ሰፈር የጎደለው ይሄኛው ነው።

ሁሉም ከሰረ ማለቴ አይደለም። አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ግቢያቸው ውስጥ ሰርቪስ ቤቶች ሠርተው ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ ተማሪዎች ያከራያሉ። ደህና ይኖራሉ፣ ተመስገን።

አሁን ወደ መዋጮው ልምጣ። ለኮብልስቶንም ሆነ ለመብራት ምሰሶ ስንዋጣ በየቤቱ እኩል ነው። ጥበቃውም፣ የሚጠብቀው ፎቅ ባለቤትም አንድ ዓይነት ይከፍላሉ። ሲወሰን እኔም እጄን አውጥቻለሁ። እኩል መክፈል ፍትሕ መስሎኝ ነበር። በኋላ ለመዋጮው ሲሉ በግ የሸጡ ሰው አየሁና አፈርኩ።

ስለዚህ ነገር ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሰፈራችሁ ስንት አባወራ አለው አሉኝ። የእድሩን ቁጥር ነገርኳቸው። እነሱ ዘንድ ያለው ግን ሰፈሩ ገና እርሻ ሳለ የተያዘው ነው። ብዙም አልፈረድኩባቸውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል፤ የመጨረሻው ግን የ1999ኙ ነው። በዚያ ቆጠራ ባሕር ዳር 155,428 ሰው ነበራት። በ1987 ደግሞ 96,140። ከ1999 ወዲህ ልጅ ተወልዶ ባጃጅ ነጂ ሆኗል።

የእኔም መዝገብ ቢሆን ሙሉ አይደለም። ተከራይ እድር አይገባም። ተማሪውና የቀን ሠራተኛው የሉበትም። በጸጥታው ምክንያት ቀያቸውን ለቀው በዘመድ ሳሎን የተጠጉትም የሉበትም።

ክቡር ከንቲባ፣ የአገር አቀፉን ቆጠራ ያካሂዱ ማለቴ አይደለም፤ እሱ የእርስዎ ሥልጣን አይደለም። የምለምነው የከተማዋ ዳር ያሉ ሰፈሮች ቤት ለቤት እንዲቆጠሩ ነው። ማን ባለቤት፣ ማን ተከራይ እንደሆነ፣ ማን ከመሬቱ እንደተነሳና ዛሬ በምን እንደሚተዳደር ይጠየቅ። ቀጣዩ መዋጮም በአቅም ይደልደል። ለወጣቶች የሥራ ዕድል ሲመቻች የተነሺ ገበሬ ልጆች በስማቸው ይታወቁ።

ለመነሻ የሚጠቅም ከሆነ አባላቱን አስፈቅጄ መዝገቡን ይዤ እመጣለሁ። ባለሙያ ቢልኩልንም በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ጠዋት እንሰበሰባለን። ሽማግሌዎቹ የማን ማሳ የት እንደነበር እየዞሩ ያሳዩታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የእድሩ ጸሐፊ፣ ከዓባይ ማዶ