የቀይ መስቀል ክበብ ዓመት፦ በችኮላ ያለፍናቸው እናት

በትምህርት ቤታችን «ክበብ» ሲባል ብዙው ሰው ትዝ የሚለው እግር ኳሱና በእረፍት ሰዓት ጆሮ የሚያደነቁረው ሚኒ ሚዲያ ነው። የቀይ መስቀል ክበብ እንዳለን ግንቦት ላይ የሰሙ መምህራን አሉ። አለን። መስከረም ላይ 43 ተመዝግበን ሰኔን የደረስነው 19 ሆነን ነው። የቀሩትን «ሰነፉ» የሚላቸው ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም፤ አብዛኞቹ ስንቅ እየመጣላቸው ቤት ተከራይተው የሚማሩ፣ ከሰዓት በኋላም የቀን ሥራ የሚሠሩ የገጠር ልጆች ናቸው።

ስብሰባችን በየአሥራ አምስት ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ቃለ ጉባኤው አለ፣ የፈለገ ያየዋል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ስላለው ታሪክ የጥያቄና መልስ ውድድር አድርገናል። ደም ለመስጠት 18 ዓመት መሙላትና ቢያንስ 45 ኪሎ መመዘን ስለሚያስፈልግ ከአባሎቻችን የበቁት ስድስት ብቻ ሆኑ። አንዱማ ኪሱ ውስጥ ድንጋይ ጨምሮ ሚዛን ላይ ሲወጣ ተይዟል። ሊቀርብልን የነበረው የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ለአሠልጣኙ የትራንስፖርት ገንዘብ ታጥቶ ቀርቷል።

ልጽፍ የተነሣሁት ግን ስለ አንድ ዓርብ ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ልብስና ሳሙና አሰባስበን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወደሚገኝ የአረጋውያን መጠለያ እየሄድን ነው። ስምንት ሰዓት ላይ እንደርሳለን ብዬ ቃል ስለሰጠሁ ከፊት ሆኜ «ቶሎ፣ ቶሎ» እላለሁ። ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ፣ የውኃ መውረጃው ጠርዝ ላይ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የጌሾ እስራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አንገታቸው ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሏል። ሃያ አራት ሆነን አለፍናቸው። እኔም አይቻቸዋለሁ።

መጠለያው ደርሰን ልብስ ልናጥብ ስንል ሳሙናው የለም። ካርቶኑን የተሸከመችው ዝምተኛዋ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከኋላ ቀርታለች። «ይቺ ልጅ ሁልጊዜ እንደዘገየች ናት» ብዬ አጉረመረምኩ። ስንመለስ እዚያው ቦይ ዳር አገኘናት። ካርቶኑን ገልብጣ ለእናቲቱ መቀመጫ አድርጋዋለች፤ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ፀሐይ ትከልላለች። እሳቸው ዳቦ በውኃ እያራሱ ይበላሉ።

«ሳሙናውን ይዘሽ የት ቀረሽ?» አልኳት፤ በቁጣ ነበር።

«እማማን አዙሯቸው ነው፣ መምህር። ውኃ ልስጥዎ ብላቸው ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም አሉኝ። እስኪሞላ ብዬ ነው።»

በሚቀጥለው ረቡዕ ሁሉም ለምን እንዳለፈ ስም ሳይጽፍ በወረቀት እንዲመልስ አደረግሁ። «ሌላ ሰው ያነሣቸዋል ብዬ» የሚለው በዛ። «አንድ ነገር ቢሆኑ ፖሊስ የሚይዘው እኔን ነው» ያለም አለ። ይሉኝታም ነበረበት፤ አንዱ «ለታይታ ነው እንዳልባል» ብሏል። አንዷ ወረቀት እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለች፦ «መምህሩ ካለፉ ምንም ያልሆኑ መስሎኝ።»

ሥነ ልቦና ስማር ያነበብኩት አንድ ጥናት ያን ሰሞን እንቅልፍ ነሣኝ። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ነው፤ የተፈተኑት አሜሪካ ውስጥ በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎች የነበሩ 40 ወጣቶች ናቸው። ከፊሎቹ ስለ ደጉ ሳምራዊ ንግግር ሊያደርጉ ይሄዱ ነበር። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው እያሳለና እያቃሰተ ኩርምት ብሎ እንዲጠብቃቸው ተደረገ። ጊዜ ካላቸው መካከል 63 በመቶው ረዱት፤ እጅግ ከቸኮሉት ግን 10 በመቶው ብቻ። የሚናገሩት ስለ ሳምራዊው መሆኑ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። እኛስ ሳሙና ይዘን ወዴት ነበር የምንሮጠው?

«የዛሬ ልጅ ጨካኝ ነው» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ አልቀበላቸውም። እዚሁ ጎጃም የቆሎ ተማሪ ደጅ ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ የሚለው የለም፤ ቁራሹ ይወጣለታል። የሚለምነው ምን እንደሚል ያውቃል፣ የሚሰጠውም ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። እድርም ለአባሉ ድንኳኑን ይዞ ይደርሳል። መናኸሪያ ዳር የወደቀ እንግዳ ግን እድር የለውም፤ ያየው ሁሉ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። ልጆቼ ያጡት ርኅራኄ አይደለም፣ ልምምድ ነው። ከእኔ ደግሞ የጠፋው ፋታ ነበር።

ልምምድ ደግሞ ዕቃ ይፈልጋል። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥናችን ውስጥ ያለው አንድ መቀስና የደረቀ የአዮዲን ጠርሙስ ነው። ለማሊያ መቼም ገንዘብ አይጠፋም፤ ቅናት አይደለም፣ ወይም ትንሽ ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ አስተዳደር በወር አንድ ከሰዓት ይፍቀድልን፤ ሩጫው ይቅርና ሠልጥነን መናኸሪያው አካባቢ ተራ እንግባ። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ፋሻና ጓንት ብትልኩልን እንረከባለን። ቃሬዛ ውድ ከሆነ ጠንካራ ሸራና ሁለት ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት ይበቃናል፤ መስፋቱን እኛው እንሰፋዋለን።