ጥፋቱን አመነ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው በስልክ ስለ ሳይንስ ስንከራከር «ያንተም ሃይማኖት ነው፤ ቄሶችህ ነጭ ጋውን ለበሱ እንጂ» ያሉኝን ሳብሰለስለው ሰነበትኩ። ያን ጊዜ ተቆጥቼ ወሬውን ቆረጥኩት፤ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ረጋ ብዬ ልመልስልዎት።

እውነትዎን ነው፤ አቶም አይቼ አላውቅም። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል እንደምትርቅ የማውቀው ተነግሮኝ እንጂ ለክቼ አይደለም። አብዛኛው እውቀቴ ሰው አምኜ የተቀበልኩት ነው።

ግን የጨጓራዎን ነገር ያስታውሱ። ልጅ ሆኜ፣ ሌሊት አልጋው ጠርዝ ላይ ተጎንብሰው፣ ትራስ በሆድዎ አጥብቀው ይዘው ሲያቃስቱ በበሩ ክፍተት አይዎት ነበር። ሐኪሙ «ጭንቀት ነው፤ አይቆጡ» አለዎት። እርስዎም አመኑት፤ ሕመሙ በተነሣ ቁጥር ጥፋቱን በጠባይዎ ላይ ይጥሉ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሐኪሙ ከራሱ አልፈጠረውም፤ የሙያው ትምህርት ለብዙ ዓመታት የሚለው ይህንኑ ነበር።

ያንን ያፈረሱት ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የሚባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ናቸው። ዋረን ከሕመምተኞች ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ያይ ነበር። በላቦራቶሪ ሊያራቡት ሲሞክሩ ግን እምቢ አለ፤ ሳህኖቹ በ2 ቀን ምንም ካላሳዩ ይጣሉ ነበርና። በፈረንጆች 1982 የፋሲካ በዓል መሀል ገባ፤ ሳህኖቹ ሳይነኩ ቆዩ፤ በዓሉ ሲያልፍ ባክቴሪያው በቅሎ ተገኘ። (ፋሲካ መሆኑን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።) ያም ሆኖ «የጨጓራ ቁስል የሚያመጣው ይህ ባክቴሪያ ነው» ሲሉ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቻቸው አልተቀበሏቸውም። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ያስመልሰው ጀመር፤ ሲመረመርም ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። ከዚያ ሌሎች በየአገሩ ደግመው ሞከሩት፤ ባክቴሪያው ሲጠፋ ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይመጣም ነበር። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እርስዎንም ያዳነዎት የ2 ሳምንት ኪኒን የመጣው ከዚያ ነው።

«በእግዚአብሔር አመነ» እንላለን፤ «ጥፋቱን አመነ» ም እንላለን። ሕክምና ስለ ጨጓራ ያመነው እንደ ሁለተኛው ነው፤ ተይዞ፣ ተሟግቶ፣ መሸሻ ሲያጣ። ሳይንቲስቶችም ይኮራሉ፣ ይደጋገፋሉ፣ ዓመታት ያባክናሉ፤ በመሀል እርስዎን የመሰሉ ይሠቃያሉ። ቢሆንም ጥፋታቸውን እንዲያምኑ የሚያስገድዳቸው መንገድ አለ። እኔ የምተማመነው በዚያ መንገድ ነው፤ ጋውን በለበሰው ሰው አይደለም።

የእርስዎ እምነት እንዲህ አይደለም። እናቴ ታማ በነበረች ጊዜ እንድትድን ሌት ተቀን ጸለዩ። አልዳነችም። ባረፈች ማግስት ንጋት ላይ እንደ ወትሮው ለጸሎት ሲቆሙ አየሁ። ያኔ ግትርነት መሰለኝ፤ ተናደድኩብዎትም። እምነትዎ ማስረጃ እየመዘነ የሚቆምና የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ባበቃ ነበር። ኪዳን ስለሆነ አላበቃም። እኔ አንድ መድኃኒት ባይሠራ ነገ እተወዋለሁ፤ መተዌም ተገቢ ነው። ይህንን መተማመኔን በእርስዎ እምነት ስም ብጠራው የእርስዎን ማሳነስ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ላይ ግን መልስ የለኝም። ተፈጥሮ ነገም እንደ ዛሬው እንደምትሠራ በሙከራ ላረጋግጥ አልችልም፤ ሙከራው ራሱ በዚሁ ላይ ተደግፎ የቆመ ነውና። እዚህ ላይ «አማኝ ነህ» ቢሉኝ አልከራከርዎትም።

በዚያ ንጋት ቆመው ምን ብለው እንደጸለዩ ጠይቄዎት አላውቅም። ስመጣ ይነግሩኛል?

የሚወድዎት ልጅዎ