ሰብልዬ፣ ሴትዮዋን ከማናገርሽ በፊት

ሰብልዬ፣

እንዲህ ጠፍቼ መክረሜን ይቅር በይኝ፤ ቁጣሽን ስንገናኝ በቡና መሃል ታወርጂብኛለሽ። አሁን የምጽፍልሽ እማማ አስካለ ደውለው ከገጠር መጥታ ጎረቤታችሁ ቤት ስለምትሠራውና ስለምትበደለው ልጅ ስለነገሩኝ ነው። «ሰብለ ነገ ገብታ አፋጣቸዋለሁ ትላለች» አሉኝ። ታደርጊዋለሽ፤ ግን እባክሽ አትግቢ።

አሠሪዋ ሴትዮ ከነቃች ልጅቷ በማግሥቱ «አገሯ ገባች» ትባላለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚያገኛት የለም። ወይም ሽማግሌ ይላካል፣ ይቅር ለእግዜር ይባላል፣ ያየ ሁሉ አላየሁም ይላል። እንዲህ ባለ ነገር ሽምግልና የሚጠቅመው በዳዩን ብቻ ነው።

ይልቅ ያየሽውን በቀንና በሰዓት ጻፊ። «ትራባለች» አትበይ፤ «ማክሰኞ በ6 ሰዓት ከቆሻሻ ላይ ቁራሽ እንጀራ ስታነሣ አየሁ» በይ። ልጅ ሲወድቅ የሚላጠው ጉልበቱ፣ ቅልጥሙና ግንባሩ ነው። ጆሮ፣ አንገት፣ ጀርባ ወይም የጭን ውስጥ ላይ ያለ ሰንበር ግን ያጠራጥራል። እጇ ተቃጥሏል ያሉኝንም ደኅና አድርገሽ እይው፦ የፈሰሰ ውኃ ወጣ ገባ ጠባሳ ይተዋል፤ እጅ ተይዞ ውኃ ውስጥ ከተነከረ ግን የቃጠሎው ጠርዝ እንደ ጓንት አፍ እኩል ነው።

ብቻዋን ካገኘሻት «ምን ሆንሽ?» በቂ ነው። «እሱ ነው የመታሽ?» አትበያት፤ ኋላ ፍርድ ቤት የተከሳሽ ጠበቃ «አፏ ላይ ያስቀመጡላት ነው» ይላል። የነገረችሽን በራሷ ቃል ጻፊ። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ አትማዪላት። ፎቶዋንም ፌስቡክ ላይ እንዳታወጪ።

ከዚያ ወረዳችሁ ወዳለው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ገብተሽ የሴቶችና ሕፃናት ክፍልን ጠይቂ። «በዓይንሽ አይተሻል?» ብለው ሊመልሱሽ ቢሞክሩ፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 11 ወንጀሉ ሲፈጸም ያላየ ሰውም እንዲያመለክት ይፈቅዳል። አቤቱታሽን በጽሑፍ ስጪ፤ የተቀበለሽን ሰው ስምና ቀኑን ያዢ። ሠራተኛ ሲቀያየር ባለቤት አጥቶ የሚቀር ጉዳይ ብዙ ነው፤ በሳምንቱ ተመልሰሽ ጠይቂ። ስትደበደብ ከሰማሽ ግን ወረዳ አትጠብቂ፤ ለፖሊስ በ991 ደውዪ።

አንድ ነገር ደግሞ... እንዴት እንደምለው እንጃ፣ ግን ሳልጽፈው አላድርም። ቤቱ ውስጥ ጎልማሳ ልጆች አሉ አሉኝ። ተደፍራ ከሆነ ሰዓት ዋጋ አለው። ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ያውም በቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል። ሳትታጠብ ትሂድ። የለበሰችው ልብስ አይታጠብ፤ በወረቀት ተጠቅልሎ ይያዝ፣ ፌስታል ያምቀውና ማስረጃው ይበላሻል። ጋንዲ ሆስፒታል ሐኪሙም ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም አንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ፤ ልጅቷ ታሪኳን በየቢሮው እየዞረች እንዳትደግም ነው። ፍርድ ቤት መቆሟ ያስፈራሽ ይሆናል፤ ልደታ ፍርድ ቤት ሕፃናት በሌላ ክፍል ተቀምጠው በካሜራ ቃላቸውን የሚሰጡበት ችሎት አለ፣ ተከሳሹን ፊት ለፊት አታየውም።

ነገ ጠዋት ወረዳ ሂጂና ማን እንደተቀበለሽ፣ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። «አጣርተን እንጠራሻለን» ብቻ ብለው ከሸኙሽም ያንኑ ንገሪኝ፤ ቀጥሎ የት እንደምትሄጂ አብረን እናያለን። እማማን ሳሚልኝ።

የአንቺው ትዕግሥት