ግንዛቤስ አለን፤ ያጣነው የምርመራውን ውጤት ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ወንዞቻችን መቆጣጠሪያ ቴክኖሎጂና ስለ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ትብብር ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢ ሁሉ አይቶታልና እዚህ አልደግመውም። ፎቶው ያምራል። ብክለትን ለመለካት ውኃ ውስጥ ስለሚተከለው መሣሪያ፣ መረጃው በስልክ ስለሚታይበት መተግበሪያ፣ ከባሕር ማዶ ስለመጡት አጋሮች ገጽ ሙሉ ተጽፏል። እኛ፣ አዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት እያለማን የምንኖረው፣ የደረሰችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። በከተማዋ ዳርቻ ያሉ አምራቾች በግንዛቤ ማነስ ምክንያት የተበከለ ውኃ ለመስኖ እየተጠቀሙ የሸማቹን ጤና አደጋ ላይ ይጥላሉ ትላለች። ከዚያ ዘገባው ወደ መተግበሪያው ይመለሳል። ውኃውን ማን እንደበከለው ለመጻፍ ቦታ ሳይጠባችሁ አልቀረም።

በግንዛቤ ማነስ! እስቲ ስለ ግንዛቤያችን ላጫውትዎ።

እኛ ሰፈር ማለዳ የውኃ ሞተር ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ወደ ወንዙ ወርዶ ያያል። አረፋ ከተሸከመ፣ መልኩ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ካደላ፣ ወይም ያ የቆዳ ሽታ ከመጣ ሞተሩ አይነሳም። ያደረው እስኪያልፍ እንጠብቃለን። የሚለቀቀው በአብዛኛው ሌሊት እንደሆነ እናውቃለን። ትልልቅ በዓላት ላይ ፋብሪካዎች ሥራ ስለሚፈቱ ውኃው እንደሚሻልም እናውቃለን፤ የፋሲካ ሰሞን ወንዙ አብሮን ፈስኮ የሚሰነብት ይመስላል። ያ ሰማያዊ የሚመስለው ቆዳ ለማልፋት ከሚገባው የክሮም ጨው እንደሚመጣ የነገረን ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረ ጎረቤታችን ነው። ውኃው ውስጥ የዋለ እግር ማታ እንዴት እንደሚያሳክክ ደግሞ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ይኼን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ግንዛቤ ከጎደለው፣ ግንዛቤ ያለው ማን ነው? ሽታው የማይደርስበት ቢሮ ተቀምጦ የሚጽፍ?

ለነገሩ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና አምልጦን አያውቅም። አዳራሽ እንጠራለን፣ ባነር ይሰቀላል፣ የወንዙ ውኃ ለጤና ጎጂ መሆኑ በስክሪን ይታየናል። እያንዳንዱ ወንበር ፊት አንድ የታሸገ ውኃ ይቀመጣል። ሻይ ቡና ተብሎ እንወጣለን። ታዲያ ነገ ጠዋት ቆስጣውን በምን እናጠጣ ብሎ የጠየቀ ሰው እንደ ረባሽ ይታያል። የታሸገው ውኃ ለማሳው የሚበቃ ቢሆን ኖሮ እኮ ችግሩ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ባለቀ ነበር።

አሁን ወደ ምርምሩ ልምጣ፤ የምጽፍልዎትም በዋናነት ለእሱ ነው። ዘገባችሁ ተመራማሪዎቹ ከማኅበረሰቡ ጋር በቅርበት ይሠራሉ ይላል። በቅርበት መሥራታቸው እውነት ነው፤ ጠርሙሱን የምይዝላቸው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ የመጣ ወጣት ተማሪ ጓንቱን እስከ ክርኑ ስቦ፣ ጠርሙሱን ሦስቴ በወንዙ ውኃ አለቅልቆ ሞላው። ከዚያ ከትንሽ ብልቃጥ አሲድ ጠብ ጠብ አደረገበትና በማርከር የቦታውን ስም ጽፎ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ከተተው። አሲዱ ምን ያደርጋል ብዬ ስጠይቀው፣ «ማዘር፣ ውኃው ውስጥ ያለው ብረት ጠርሙሱ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር ነው» አለኝ። ትሑት ልጅ ነው፤ ሲያስረዳም አይሰለችም። እሱ ይኼን ሲያስረዳኝ ባለቤቴ እዚያው ውኃ ውስጥ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በባዶ እግሩ ቆሞ የሞተሩን ቱቦ ያስተካክል ነበር። ልጁ ጓንቱን አየ፣ ቀጥሎ የባለቤቴን እግር አየ፣ ሳጥኑንም ዘጋ። አፈራችንን በላስቲክ፣ ቆስጣና ሰላጣችንን በወረቀት ከረጢት ወሰደ። ውጤቱ ሲወጣ እናሳውቃችኋለን አለ። ከእሱ በፊት የመጡትም እንደዚያ ብለው ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጡትም እንደዚያ ብለዋል።

ውጤቱ አልወጣም ማለቴ አይደለም። ወጥቷል፤ እኛ ዘንድ ግን አልደረሰም። በእንግሊዝኛ፣ በሳይንስ መጽሔት፣ ከሰንጠረዥ ጋር። ዩኒቨርሲቲ ያለው ልጄ በስልኩ ፈልጎ አንዱን አነበበልኝ። የሰፈራችን ስም አለበት። እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉ ቅጠላቸው የተዘረጋ አትክልቶች ካድሚየምን የመሰለ መርዛማ ብረት ከጥቅል ጎመን የበለጠ እንደሚስቡ ይናገራል። እግዜር ያሳይዎት! ይኼንን አንድ ነገር በጊዜው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢነግሩን፣ ወንዙ አፍ ላይ ያለውን መደብ ለጥቅል ጎመን፣ የጉድጓድ ውኃ የሚደርሰውን ለቆስጣ እናደርገው ነበር። ገንዘብ አይጠይቅም፣ መሣሪያ አይጠይቅም፣ አጋር ድርጅት አይጠይቅም። ግን ዘሩን የሚዘራው ሰው እንዲሰማው ታስቦ የተጻፈ አይደለም። እኛ ለጥናቱ ናሙና እንጂ አንባቢ አይደለንም።

መሣሪያውንም በሚመለከት ዘገባው ትንሽ ቸኩሏል። ወንዝ ውስጥ ተተክለው በየደቂቃው መረጃ የሚልኩት መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚለኩት የውኃውን አሲድነት፣ ሙቀቱን፣ ድፍርስነቱን፣ የሟሟውን ኦክስጅንና ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ነው። ጥሩ ነው፤ ድንገት የተለቀቀ ነገር ሲኖር ያስጠነቅቃሉ። ክሮሚየምና ካድሚየምን ለማወቅ ግን ያ ልጅ እንዳደረገው ጠርሙስ ሞልቶ ቤተ ሙከራ መውሰድ ያስፈልጋል። ስለዚህ መርዙ በስልክ ላይ ወዲያው ይታያል ብላችሁ የጻፋችሁት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ደግሞስ የት ነው የሚተከለው? እናንተው ባወጣችሁት ፎቶ መሣሪያው ያለው አበባ በተተከለበት፣ አግዳሚ ወንበር በተደረደረበት የወንዝ ዳር ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ከፋብሪካው አጥር ሥር የሚወጣው ቱቦ አፍ ላይ ይተከል እላለሁ። እዚያ የተተከለ መሣሪያ ስለ ወንዙ ጤንነት ብቻ ሳይሆን ስለ ባለቤቱም ይናገራል። የማይተከለውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ለሁሉም ሰው ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ሰው ወይ ራሱ ያጽዳ ወይ የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ወጪውን እየከፈለ ያለው በማሳውና በገበያው ኪሳራ አትክልት አምራቹ ነው። ዘገባችሁ ሕጉን አላነሳም፤ ፋብሪካ የሚለውን ቃልም ፈልጌ አጥቼዋለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

ስለ ወንዝ ዳር ልማቱም አንድ ነገር ልበል፤ የምቃወመው እንዳይመስልዎት። በ2011 ዓ.ም. የሸገር ወንዞችን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር፣ 29 ቢሊዮን ብር ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት የእራት ገበታም ተዘርግቷል። ሰላጣው ከየት ማሳ እንደመጣ አልሰማሁም። የጸዳው ሁሉ ለእኛም ይተርፋል ብለን ደስ ብሎን ነበር፤ ወንዝ ወደ ታች ነውና የሚወርደው። ነገር ግን ላይኛው ክፍል መናፈሻ እየሆነ ሲሄድ፣ ታችኛው ለዘጋቢም ለእንግዳም የማይታይ ጓሮ ሆኖ ቀርቷል። ውኃው ደግሞ እኛ ጋ አይቆምም። አባ ሳሙኤል ይገባል። ያ የአገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ግድብ ከከተማዋ በወረደለት ፍሳሽ ጠግቦ እምቦጭ የሚያበቅል ሆኗል። ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ዳር ያለውን ሕዝብ ግንዛቤ ይጎድለዋል የምትሉት መቼ ነው?

መፍትሔ የለም ብዬ አላማርርም። ቃሊቲ የተሠራው የፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም አለው። የተጣራው ውኃ ወደ ወንዙ ተመልሶ ከፋብሪካው ፍሳሽ ጋር ይደባለቃል። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ሁሉ ወጪ ታጥቦ ጭቃ ውስጥ የገባ ልብስ ማለት ነው። ከመደባለቁ በፊት በቦይ ወይም በቱቦ ወደ ማሳችን ቢመጣልን ምን ይጎዳል? የማጣሪያው ሥራ የቤት ፍሳሽ ላይ ያተኮረ እንጂ ለብረት የታሰበ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቤተ ሙከራው እየመረመረ ለአትክልት መሆን አለመሆኑን ይንገረን። የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያም ፍሳሽ ውኃን ለእርሻ መጠቀምን ጨርሶ አይከለክልም። የሚለው በየደረጃው መከላከያ አድርጉ ነው፦ ከላይ በመርጨት ፈንታ ሥሩ ሥር በጠብታ ማጠጣት፣ ከመሰብሰቡ ቀናት አስቀድሞ ማጠጣት ማቆም፣ ገበያ ላይ በንጹሕ ውኃ ማጠብ። ይኼ ለሆድ ትልና ለተቅማጥ ይሠራል። ቅጠሉ ውስጥ የገባው ብረት ግን በማጠብም በመቀቀልም ተሟጦ አይለቅም፤ እሱን ማስቆም የሚቻለው ከቱቦው ነው።

ከሩቅ የመጣ ትብብር ሁሉ ወሬ ነው ማለትም አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻ ክምሩ ቆሼ ተንዶ ከመቶ አሥር በላይ ወገኖቻችን ካለቁ በኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም ከጃፓኑ ፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የፉኩኦካን ዘዴ እዚያ አምጥቷል። ቀላል ነው፤ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ከድንጋይ ጋር ቆሻሻው ሥር ይቀበራሉ፣ ፈሳሹ ይወጣል፣ አየር ይገባል፣ ጋዙ ይቀንሳል። ተመራማሪው ሄዶም ቱቦው መሬት ውስጥ ይቀራል። ትብብር የምለው እሱን ነው። እኛ ጋ የቀረው የማርከር ክዳን ነው።

እና ዘገባችሁ ያደረሰብንን ይስሙ። በወጣ በሳምንቱ ዘወትር ከእኔ የምትገዛ አንዲት እናት ጉልት ላይ የቆስጣውን እስር አንስታ፣ አገላብጣ፣ «የምን ውኃ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት። አስቀምጣው ሄደችና አጠገቤ ካለችው ሴትዮ ገዛች። ያ ቆስጣ የተጫነው ከእኔው መደብ ነው፤ ማለዳ ያከፋፈልኳት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ንጹሕ የገፈርሳ ግድብ ውኃ ነው ብላ መለሰችላት አሉ። እንግዲህ ዘገባችሁ አንድም ሰው ከካድሚየም አላዳነም፤ እውነት የተናገረውን አከሰረ፣ የዋሸውን ሸጠለት። ደላሎችም ጋዜጣውን ጠቅሰው በጆንያ ዋጋ ይቀንሱብን ጀምረዋል። ከእኛ በቀነሰው ገንዘብ ቆስጣው ሸማቹ ዘንድ ረክሶ እንደሆነ እርስዎ ያጣሩ።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በግንዛቤ ማነስ የሚለው ይታረም፤ እርማቱም ዘገባው በወጣበት ገጽ እንጂ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር አይሁን። ያነጋገራችኋቸውን ተመራማሪዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ ከእኛ ማሳ የወሰዱት አፈርና ቅጠል ውጤቱ ምንድን ነው? ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ይላኩትና እዚያው ይለጠፍ፤ እኛ ሄደን እናነባለን። መጥፎ ቢሆንም እንስማው።

ዘጋቢዎ ራሳቸው መጥተው ማየት ከፈለጉ ቦት ጫማ አድርገው፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ይምጡ፤ ረፋድ ላይ የሌሊቱ አልፏል። ደግሞ ከሰኔ በፊት ይሁን። ክረምት ከገባ ጎርፉ ሁሉንም አቅጥኖ ስለሚወስደው፣ ያኔ የተቀዳ ጠርሙስ ለፋብሪካዎቹ የምስክር ወረቀት ከመሆን በቀር አይጠቅምም።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት አትክልት አምራች
ከአቃቂ ቃሊቲ