ማፍላት የማይፈታው ብክለት

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በወጣ ጽሑፍ ላይ ማንኛውም የተበከለ ውሃ ከፈላ ለመጠጥ እንደሚበቃ ተገልጾ በማንበቤ፣ በደብረ ማርቆስ ኬሚስትሪ የማስተምር እንደመሆኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። ማፍላት ተህዋስያንን ይገድላል፤ እንደ ሲዝየም 137 ያለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ግን አይነካውም፤ እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት በቀነሰ ቁጥር ክምችቱ ይጨምራል።

በጎጃም ገጠር የምንጭ ውሃ በነጠላ ሲጠለል ገለባው ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ የሟሟ ጨው ግን አብሮ ያልፋል። ሲዝየምም የሚያልፈው እንዲሁ ነው። ስለዚህም የተሟሟውን መርጠው የሚይዙ ደቃቅ ቅንጣቶች ተሠርተዋል። ለምሳሌ በቀለምነቱ የሚታወቀው የፕሩሺያ ሰማያዊ በውስጡ ያሉት ክፍተቶች ለሲዝየም የተመቹ በመሆናቸው፣ ሶዲየም በብዛት ባለበት ውሃ ውስጥ እንኳ ሲዝየሙን ለይቶ ያስቀራል፤ በማግኔታዊ የብረት ኦክሳይድ ላይ ሲለበጥ ደግሞ ሥራውን እንደጨረሰ በማግኔት ይለቀማል። (ለተማሪዎቼ የብረት ብናኝ በብርጭቆ ውሃ በትኜ ማግኔት ሳስጠጋ፣ ድፍርሱ ወደ አንድ ጎን ተሰብስቦ ውሃው ይጠራል።)

ይሁን እንጂ ቅንጣቱ ጨረሩን አያጠፋውም። የሲዝየም 137 ግማሽ ዕድሜ (መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 30 ዓመት ገደማ በመሆኑ፣ የተለቀመው ዝቃጭ ራሱ ለረጅም ዘመን ጥበቃ ይሻል። በጃፓኑ የፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ እንደታየው፣ ትሪቲየም የተባለው ጨረር አመንጪ የሃይድሮጂን ዓይነት ደግሞ የውሃው ሞለኪውል አካል ስለሚሆን በዚህ መንገድ አይለይም።

በሚቀጥለው እትም እርማት እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የኬሚስትሪ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ